አማካዩ ቢ ነው፣ ታዲያ ምን ጎደለ?

የመካኒካል ምህንድስና ትምህርታችንን ለኤቤት (ABET፣ የምህንድስና ትምህርቶችን ገምግሞ እውቅና የሚሰጥ የአሜሪካ ድርጅት) እውቅና የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥ ስገባ ሥራው ወረቀት መሰብሰብ መስሎኝ ነበር። (አንዱ «ኤቤት» ባለ ቁጥር ሌላው «አቤት፣ ማን ጠራኝ?» ይላል። ወር ሙሉ ሳቅንበት።)

ኤቤት ተመራቂ ሊኖረው ይገባል የሚላቸው ችሎታዎች ሰባት ናቸው። እስከ 2018/19 እ.ኤ.አ. ድረስ 11 ነበሩ። እኛ ታዲያ አቋራጩን ያዝን፤ የየኮርሱን ውጤት በየችሎታው ሥር ደረደርን። ሂት ትራንስፈር (የሙቀት ዝውውር ኮርሱ) አማካዩ ቢ ነው? በቃ፣ ተሳክቷል!

አንዷ ባልደረባችን «ይሄ ቢ ከምን መጣ?» ብላ ጠየቀች። የፈተና ወረቀቶቹን አውጥተን ጥያቄ በጥያቄ አየናቸው። ቀመር ተሰጥቶ ቁጥር በሚገባበት ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው። አንደኛው ጥያቄ ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከታች በኩል ስንት ዋት እንደሚያባክን እንዲገምቱ ይላል፤ ምን መረጃ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ተማሪው ራሱ ነው። ግማሽ ያህሉ ባዶ ትተውታል። ቢው የቤት ሥራውን፣ አቴንዳንሱን፣ ኩረጃውንም አንድ ላይ አቅፎ ይሄን ሸፍኖልናል። በቀጣዩ ሴሚስተር እንዲህ ያለ ጥያቄ በየሳምንቱ መስጠት ጀመርን።

የቡድን ሥራው ደግሞ አስቸገረን። በየግሩፑ ሁሉን የሚሸከም አንድ ምስኪን አለ። እርስ በርስ ነጥብ ስጡ ስንል ሁሉም ደፈነ፤ ማን ጓደኛውን ያሳጣል? 100 ነጥብ ለአምስት ተካፈሉ አልናቸው፣ ሃያ ሃያ ሞልተው መለሱልን። መጨረሻ ላይ ማን የቱን ክፍል እንደሠራ በየሳምንቱ ማጻፍ ብቻ ነው የሠራልን።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ማስረጃ ነበር። መለካቱ ብቻ አይበቃም፤ ለክታችሁ ምን አገኛችሁ፣ ምን ቀየራችሁ፣ ከዚያስ ምን ሆነ ተብሎ ይጠየቃል። የእኛ ቃለ ጉባኤ በሙሉ «ውይይት ተደርጎ በስምምነት ተጠናቋል» ነው የሚለው። ያዳኑን የላብራቶሪው ቴክኒሻን ናቸው። ጋሼ አንድ የቆየ ደብተር አላቸው፤ የቱ መሣሪያ መቼ ተበላሸ፣ ለማን ተነገረ፣ መቼ ተጠገነ፣ ሁሉም በእጃቸው ጽሑፍ ሰፍሯል። ፎቶ ኮፒ አድርገን ስንመልስላቸው ገለጥ አደረጉና «ፓምፑ ዛሬም አልተሠራም» ብለው ቀኑን ጻፉ።