ፎቁን ያዘገየው በሩ ነበር

ኒው ዮርክ ከተማ፣ ማንሃተን ውስጥ የአንድ ረጅም ሕንፃ ግንባታ አስተባባሪ ሆኜ ስሠራ፣ ሥራው ከዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። አንድ ጠዋት ጂፕሰም ቦርድ (የውስጥ ግድግዳ የሚሠራበት ሰሌዳ) የጫነ መኪናና መስኮት የጫነ መኪና እኩል ደረሱ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የጭነት አሳንሰሩም አንድ ብቻ። የጡሩምባው ጩኸት ቀለጠ፣ ፖሊስ መጣ፣ የመስኮቱ መኪና ሳያራግፍ ተመለሰ። ላይ ያሉት ሠራተኞች ዕቃ ሲጠብቁ ዋሉ። ማታ ስብሰባ ላይ ኃላፊዎቹ ያመጡት መፍትሔ ሰው እንጨምር የሚል ነበር።

አሳንሰሩን የሚያንቀሳቅሱት የአገሬ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ይህን ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ የምትጨምሩት ሰውም እኮ የሚወጣው በዚችው አሳንሰር ነው» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ነፋስ በርትቶ ክሬኑም አሳንሰሩም በቆሙበት ቀን፣ አብረን ወደ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ሙዚየም ሄድን። ማንሃተን ደቡብ ጫፍ፣ ባተሪ ፕሌስ ላይ ነው። የሥነ ሕንፃ ታሪክ ምሁሯ ካሮል ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1996 የመሠረቱት ሲሆን፣ አሁን ያለበት ቦታ የተከፈተው በ2004 ነው። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ወለሉና ጣሪያው ግን የተወለወለ አይዝጌ ብረት ስለሆነ እርስ በርስ እየተንጸባረቁ ከላይም ከታችም ማለቂያ የሌለው ያስመስሉታል።

እኛን ያቆየን የዚያው ከተማ የኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ግንባታ ታሪክ ነው። 102 ፎቅ፣ 381 ሜትር፤ በማርች 1930 ተጀምሮ ሜይ 1 ቀን 1931 ተመረቀ። ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ የሚያስበው የሠራተኛውን ብዛት ነው። እርግጥ ሥራው በተጧጧፈበት ወቅት በቀን ከ3,000 በላይ ሰው ይሠራ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን የዕቃው አመጣጥ ነው። በከተማው መሀል ዕቃ የሚከመርበት ቦታ አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ ብረት የሚገጠምበት ቦታና የሚያነሳው ክሬን ቁጥር ተጽፎበት ይመጣል፤ ከመኪናው በቀጥታ ወደ ላይ ይነሣል። መኪኖች ሕንፃው ውስጥ ገብተው ያራግፋሉ። 10 ሚሊዮን ያህል ጡብ መንገድ ዳር አልተከመረም፤ በአሸንዳ ወደ ምድር ቤት ይወርድና ጋሪ ላይ ተሞልቶ በአሳንሰር ይወጣል። በየፎቁ ትንንሽ ሐዲድ ተዘርግቶ ስለነበር ጋሪው ግንበኛው አጠገብ ድረስ ይሄዳል። ሠራተኛው ለምሳ እንዳይወርድ እዚያው ፎቅ ላይ ምግብ ቤት ተከፍቶለታል። ብረቱ በአማካይ በሳምንት አራት ፎቅ ተኩል ይወጣ ነበር። በይፋ መዝገብ አምስት ሠራተኞች ሞተዋል፤ ፍጥነቱን እያደነቁ ይህን መዝለል ለእኔ ነውር ነው።

ጋሼ የምሳውን ነገር ሲሰሙ፣ «አየህ፣ ይኼም ለአሳንሰሩ ሲባል ነው» አሉ።

በማግስቱ ለኃላፊዎቹ ሐሳብ አቀረብን፦ እያንዳንዱ መኪና ሰዓት ይቆረጥለት፣ እያንዳንዱ ጭነት ላይ የሚሄድበት ፎቅ ይጻፍ፣ ጂፕሰም ቦርዱ ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት ይውጣ፣ መሬት ላይ ምንም አይከመር። አቅራቢዎች እሺ አይሉም ተብሎ ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ በመስኮቱ ብቻ እንድንሞክር ተፈቀደ። መንገዱ ተከፈተ፤ ላይ ያሉት መስኮት ገጣሚዎች ያለ ሥራ መቆማቸው ቀረ፤ የቀሩት አቅራቢዎችም አንድ በአንድ ገቡበት። ሰው የመጨመሩ ነገር ዳግም አልተነሣም። የጭነቱ መርሐ ግብርም ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሳያዩት አይጸድቅም።