የተሞረደች አምፖል

ባለፈው ነሐሴ አንድ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራ ሃይሉክስ የኋላ ግራ መብራቱ ተሰብሮ ጋራዣችን ገባ። ከሐይቁ ዳር ዓሣ እየጫነ ከተማ የሚያመላልስ ነው። ሾፌሩ የመጡት ብርጭቆውን ለማስቀየር ብቻ ነበር። አመሻሽ ላይ ከዓባይ ድልድይ ወዲህ ባጃጅ ከኋላ ገጭቷቸዋል። መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ሸምግለው፣ ከኋላ የመጣ ነው ጥፋተኛ ብለው፣ የባጃጁ ልጅ የብርጭቆውን ዋጋ ከፍሏል።

“ፍሬን ሲይዙ አላየሁም ይለኛል! ስቶፑ ቦግ ብሎ እየበራ” አሉ።

“ጋሼ፣ እስኪ መብራቱን ያብሩልኝ። አሁን ፍሬን ይርገጡ።”

ግራው መጀመሪያውኑ ቦግ ብሎ በርቷል፤ ፍሬን ሲረግጡ ምንም አልጨመረም። ቀኙ ጨርሶ ጨለማ ነው። መብራቱን አስጠፍቼ ፍሬን ብቻ አስረገጥኳቸው፤ ሁለቱም እኩል ደብዘዝ ያለ ቀይ ሰጡ። እሳቸው ግቢያቸው ውስጥ ግድግዳ ላይ እያዩ “ይሠራል” የሚሉት ይህንኑ ነው።

የግራውን አምፖል አወጣሁት። ባለሁለት ክር፣ 21/5 ዋት ነው። ወፍራሙ የ21 ዋት ክር ለፍሬን፣ ቀጭኑ የ5 ዋት ክር ለማታ መብራት። በነሐሱ አንገት ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ቀንዶች አሉት፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ የተተከለው አምፖሉ ተገልብጦ እንዳይገባ ነው። ከዚህኛው ላይ አንዱ ቀንድ የለም። በሞረድ ተበልቶ ጠፍቷል፤ የሞረዱ ጭረት ነሐሱ ላይ ያብረቀርቃል። በፊት የገጠመው ሰው አልገባ ሲለው አዙሮ እንደመሞከር ቀንዱን ሞርዶ ተገልብጦ አስገብቶታል። ስለዚህ ማታ ሙሉውን መንገድ የሚነደው የፍሬኑ ክር ነው፤ ፍሬን ሲያዝ የሚጨመረው 5 ዋት ብቻ። በ21 እና በ26 ዋት መካከል ያለውን ልዩነት ከኋላ የሚነዳ ሰው ዓይን አይለየውም። ሾፌሩ “አምፖሉ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል” ያሉኝም ከዚሁ ነው፤ ለአጭር ጊዜ እንዲበራ የተሠራ ክር ሌሊቱን ሲነድ ያድራል። ከስባሪው ብርጭቆ ጀርባ ፕላስቲኩ በሙቀት ቡናማ ሆኗል።

የቀኙ ጣጣ ሌላ ነው። መኪናው ዓሣ ሲጭን የኋላ ጎማው ውሃ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይቀርባል፤ እርጥበቱ የአምፖሉን ማቀፊያ አዝጎታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አምፖሉን አውጥቶ በቴስተር ሲለካ 12 ቮልት ያገኛል፤ “መብራት ይመጣል፣ አምፖሉ ነው” ይልና አዲስ ይገዛል። መለካት ያለበት አምፖሉ ገብቶ፣ ፍሬኑ ተረግጦ፣ አንዱ ጫፍ በአምፖሉ ነሐስ፣ ሌላው በባትሪው ነጌቲቭ ላይ ሆኖ ነው። ከ0.2 ቮልት በላይ መሆን የለበትም። የቀኙ 12 ገደማ አሳየ፤ ኮረንቲው ወደ ባትሪው መመለሻ መንገድ የለውም ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ግን የፍሬኑ ኮረንቲ በቀጭኑ ክር ዞሮ በሌሎቹ መብራቶች በኩል መውጫ ያገኛል፤ ደብዛዛው ቀይ የመጣው ከዚያ ነው።

ማቀፊያውን በእርሳስ ላይ በጠቀለልኩት ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን ፈተግሁት። የነጌቲቩን ገመድ ፈትቼ፣ የሚያርፍበትን ቀለም እስከ ብረቱ ፍቄ፣ በአዲስ ብሎንና በጥርሳም ሮንዴላ አሠርኩና ከላይ ቀለም ቀባሁበት። በአምፖሉ አንገት ላይ ስስ ቫዝሊን። የብርጭቆው ጎማ ተቀየረ። ከታች ያለችው የውሃ መውጫ ቀዳዳ በሲሊኮን ተደፍና ነበር፤ ከፈትኳት። ቀዳዳዋን የሚደፍን ሰው ውሃ ያስቀረ ይመስለዋል፤ የገባው ግን መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቀመጣል። ደግሜ ስለካ 0.1 ቮልት።

ሲያልቅ አሮጌዋን አምፖል መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። የተሞረደውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

“እንግዲህ ልጁ ምን አጥፍቶ ነው?”

“ቀረብ ብሎ ነድቶ ይሆናል ጋሼ። ፍሬን መያዝዎትን ግን የሚያይበት ነገር አልነበረውም።”

“እኔም እኮ ማልኩበት። ሰው ሁሉ ፊት በራ ብዬ ማልኩበት።”

መልስ አጣሁ። ያንን ቀንድ የሞረደው ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ለማሳጠር ብሎ አንድ የቀን ገቢውን የሚለቅም ልጅ በሐሰት አስፈርዶበታል። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሁለት ትርፍ 21/5 አምፖል ሰጠኋቸው፤ ወደ ውሃው ከመጠጋታቸው በፊት መብራቱን አጥፍተው ትንሽ እንዲያቆዩትም ነገርኳቸው፤ የጋለ አምፖል ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። የተሞረደችውን በወረቀት ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

“ባጃጁ የሚቆምበትን አውቀዋለሁ” አሉና ሞተር አስነሡ። በሩ ጋ ፍሬን ሲይዙ ሁለቱም ስቶፖች ቦግ አሉ።