አሥራ ሁለተኛዋ ልጅ ማን ናት?

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። አሥራ ሁለት ወጣት ሴቶች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። የፊተኞቹ ተንበርክከዋል፣ የኋለኞቹ ቆመዋል። ጀርባው ላይ በእርሳስ ስም ተጽፏል። ስሞቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሁንም አሥራ አንድ። በስተግራ ጥግ ላይ ኮት ደርባ የቆመችው ልጅ ስም የላትም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እሷን ስፈልግ ከረምኩ። የት እንዳገኘኋት እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የአንድ የአየርላንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክበብን ታሪክ መጻፍ የሚባል ጣጣ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ ላውራ።

አየርላንድ የሄድኩት በ2022 ለማስተርስ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለበለዚያ እንጠፋፋለን።) በመጀመሪያው ሳምንት የተማሪ ክበባት ጠረጴዛ ዘርግተው አባል ይመዘግባሉ። ከመሀላቸው አንዲት ልጅ ጫፉ ጠፍጠፍ ያለ ቆልማማ ዱላ ይዛ ቆማለች። «እንዴ! የገና ዱላ!» አልኩ፣ በአማርኛ። ምን እንዳልኩ አልገባትም። ፈገግ ብላ ዱላውን አስያዘችኝና ስሜን መዘገበች።

ጨዋታው ካሞጊ ይባላል። ወንዶቹ ሲጫወቱት ኸርሊንግ ነው። እንደ ገናችን ኳሷን በዱላ መለጋት ነው፤ ግን ኳሷ መሬት ለመሬት ብቻ አትሄድም። አየር ላይ ትመታለች፣ በእጅ ትቀለባለች፣ ዱላው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ይሮጥባታል። የራስ መከላከያ ቆብ ማድረግ ግዴታ ነው። እኛ ጋ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለን ጨርሰናል፤ ስለ ጌታው ጭንቅላት ያሰበ የለም። ደግሞ እኛ ጋ ገና የወንዶች ነው። ልጅ ሆኜ አጎቶቼ ሲጫወቱ የኔ ሥራ ዳር ቆሞ የጠፋችውን ሩር ከቁጥቋጦ ውስጥ መፈለግ ነበር። ዱላውን ይዤ የመታሁት በሰው አገር ነው።

ስለ ችሎታዬ ባላወራ ይሻላል። ሁለት ሴሚስተር ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ተጠባባቂ ደግሞ ጥያቄ ያበዛል። ይሄ ክበብ መቼ ተጀመረ? ግድግዳው ላይ ያሉት እነማን ናቸው? የሚመልስልኝ አላገኘሁም። አንድ ቀን የክበቡ ጸሐፊ ሰለቸቻት መሰለኝ፣ «ለምን አንቺ አትጽፊውም?» አለችኝ። ለቀልድ ነበር ያለችው። እኔ የምር ያዝኩት።

መጀመሪያ የፈለግኩት የቃለ ጉባኤ መዝገብ ነው። የለም። አንድ ቢሮ ሲዛወር ቁም ሣጥኑ ተጠርጎ ወጣ አሉኝ። የተረፈው አንድ ካርቶን ነበር፦ ፎቶዎች፣ ውሃ የነካው ደብተርና አንድ ክምር የአውቶቡስ ኪራይ ደረሰኝ። ደረሰኞቹን ወርውሬያቸው ነበር። በኋላ ተመልሼ ለቀምኳቸው። ደረሰኝ ቀን አለው፣ የሄዱበት ከተማ አለው። ጋዜጣ ያልጻፈውን ግጥሚያ ያገኘሁት ከሹፌር ሒሳብ ነው።

የጨዋታው የራሱ ታሪክ አላስቸገረኝም፤ ብዙ ተጽፎበታል። ሕዝብ ፊት የመጀመሪያው ግጥሚያ የተካሄደው ሐምሌ 17 ቀን 1904 ናቫን በምትባል ከተማ ነው። የጀመሩት ሴቶች የአይሪሽ ቋንቋ እንዳይሞት የሚታገለው የጌሊክ ሊግ አባላት ነበሩ። የወንዶቹ ዱላ ካሞን ይባላል። ሴቶቹ አጠር ያለ ዱላ ያዙና ካሞግ አሉት፤ የጨዋታው ስም ከዚያ መጣ። በ1905 ማኅበር አቋቋሙ፤ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሞይራ ኒ ኪኔዳ ነበረች። በዚያ ዘመን የሚጫወቱት መሬት ሊነካ በደረሰ ቀሚስ ነው። ሆን ብሎ ኳሷን በቀሚስ ማቆም ጥፋት ነበር። ይሄንን ሳነብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሕጉ የወጣው የሆነች ሴት አድርጋው ነዋ!

ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ስንመጣ ስሟ የማይዘለል ሴት አለች፤ አግነስ ኦፋረሊ። የአይሪሽ ቋንቋ ምሁር ናት። በ1914 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን የካሞጊ ክበብ አቋቋመች። በ1915 ሎርድ አሽበርን የሚባል መኳንንት ዋንጫ ሰጠ፤ እስከ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሴቶች ትልቁ ዋንጫ የአሽበርን ዋንጫ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ደብሊን በላ። ሰውዬው እንግሊዝኛውን ትቶ አይሪሽ መናገር የሚወድ፣ ኪልት የሚባለውን የወንድ ቀሚስ ለብሶ የሚዞር ሰው ነበር። ሴቶቹ በቀሚስ፣ ዋንጫ ሰጪውም በቀሚስ።

መከራዬ የጀመረው ስም ላይ ነው።

ይቺው አግነስ ኦፋረሊ በአይሪሽ ስትጻፍ ኡና ኒ አርኻሊ ናት። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማወቅ አንድ ምሽት ፈጀብኝ። አይሪሽ ላይ የወንዱ ስም «ኦ» ከሆነ የሴቷ «ኒ» ይሆናል። «ኒ» ስትመጣ ደግሞ ተከታዩ ፊደል ይለሰልሳል፤ «ፋ» ጭራሽ አይሰማም። ስታገባ ሌላ ስም። እንግዲህ አንዲት ተጫዋች ደብተሩ ላይ በአይሪሽ፣ ጋዜጣው ላይ በእንግሊዝኛ፣ ከሠርጓ በኋላ በባሏ ስም ትጻፋለች። ሦስት ሰው መሰለችኝ። አንዷን ተጫዋች እኔ ራሴ ረቂቁ ላይ ሁለት ጊዜ ፕሬዚዳንት አድርጌያት ነበር፣ በሁለት ስም።

እናቴ ከተጋባች አርባ ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ በአባቷ ስም ነው የምትጠራው። እኛ አገር ይሄ ምንም አይመስለንም። እዚያ ተቀምጬ የሠርግ ማስታወቂያ ሳገላብጥ ነው ትልቅ ነገር መሆኑ የገባኝ። በመጨረሻ ኤክሴል ከፍቼ ሦስት ዓምድ ሠራሁ፦ በአይሪሽ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከጋብቻ በኋላ። መጀመሪያውኑ እንዲህ ብጀምር ኖሮ ሁለት ወር አተርፍ ነበር።

ጋዜጦቹን ያየሁት ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ለሴቶች ግጥሚያ የሚሰጡት ቦታ ሁለት ሦስት መስመር ነው፤ ያውም «ሚስ መርፊ ጥሩ ተጫወተች» ይላል። የትኛዋ መርፊ? ቡድኑ ውስጥ ሦስት አሉ። በዲጂታል ክምችቱ ላይ «ካሞጊ» ብዬ ስፈልግ ደግሞ የድሮዎቹ ዓመታት ባዶ ናቸው። ያኔ የጨዋታው ስም በረጅሙ የአይሪሽ አጻጻፍ ነበር የሚጻፈው፣ የራሱ ቅርጽ ባለው፣ አናቱ ላይ ነጥብ በሚደረግበት ፊደል። ኮምፒውተሩ አያነበውም። በዓይን ነው መልቀም። የራሱ ፊደል ካለው አገር ለመጣ ሰው ይሄ አዲስ መከራ አይደለም።

ውጤት አጻጻፉም አዋርዶኛል። አንዱን የፍጻሜ ግጥሚያ 2-7 ለ 3-3 ይላል። ሦስት ጎል ከሁለት ይበልጣል ብዬ ሦስት ያገባውን ቡድን አሸናፊ አደረግኩት። ለካ መጀመሪያ ያለው ጎል ነው፣ ቀጥሎ ያለው ከአግዳሚው በላይ የሄደው ነጥብ ነው፤ አንድ ጎል ሦስት ነጥብ ነው። 13 ለ 12። የተሸነፈውን ቡድን ነው ያስጨፈርኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ዓመት አብሯቸው ልምምድ የሠራ ሰው መሳሳት አልነበረበትም፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኖ ነጥብ የሚቆጥር የለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ቀን የለውም፤ ግን ፎቶ ራሱ ይናገራል። ካሞጊ እስከ 1999 ድረስ አሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት ነበር የሚጫወቱት፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ወንዶቹ አሥራ አምስት ሆኑ። ከልጆቹ ኋላ የሚታየው የጎል ቋሚ አናቱም ላይ ሁለተኛ አግዳሚ አለው፤ ነጥብ የሚባለው በሁለቱ አግዳሚዎች መሀል ያለፈው ብቻ ነበር። እሱ በ1979 ቀረ። ረጅም ጥቁር ስቶኪንግና እንደ ተማሪ ዩኒፎርም ያለ ጉርድም ለብሰዋል። ስለዚህ ፎቶው ድሮ ነው፤ ቡድኑ ደግሞ አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሁለት ተጫዋች፣ አሥራ ሁለት ፊት። የመጨረሻዋ ተጫዋች ስሟ ተዘንግቷል አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ። የተመራቂዎች ዝርዝር አገላበጥኩ፣ ኢሜይል ላክሁ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች አስቸገርኩ።

አንድ ቅዳሜ ከፎቶው አንዷን ለማግኘት በባቡር ሄድኩ። ሰማንያን አልፈዋል። በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። በስሜ ጥሪኝ አሉኝ፤ አፌ እንቢ አለ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፣ እኔ ግን ወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በልቤ አንቱ እያልኳቸው ነበር። ሻይ ቀዱ፣ ኬክ ቆረሱ፣ እንቢ ስል ደግመው ቆረሱ። እናቴ ቤት ያለሁ መሰለኝ።

ጥያቄዎቼን በተራ ጽፌ ሄጄ ነበር። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» «አላስታውስም።» «ስንት ለስንት?» «እሱንም እንጃ።» ወረቀቱን አጠፍኩትና፣ «ከግጥሚያ በኋላ ምን ትበሉ ነበር?» አልኳቸው። ሁለት ሰዓት አወሩ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ዓመት ጠይቄ አላውቅም።

ከበር ኋላ ዱላቸውን አመጡ። ጫፉ ተሰንጥቆ በስስ ቆርቆሮ ታስሯል፣ የሚስማሮቹ አናት ጠፍጥፎ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። መያዣው ከላብ ብዛት ጠቁሯል። አሸተትኩት። ተልባ! እንጨቱ እንዳይደርቅ የተልባ ዘይት ይቀቡታል። ከሸገር በስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የጾም ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ፎቶውን አወጣሁ። ጣቴን ጥግ ላይ ባለችው ልጅ ላይ አደረግኩ። መነጽራቸውን ሳያስተካክሉ፣

«እሷማ የፎቶ አንሺው እህት ናት» አሉ።

«ተጫዋች አይደለችም?»

«ዱላ ይዛለች እንዴ? በረኛችን አውቶቡስ አምልጧት ቀረች። በአሥራ አንድ ነው የገባነው። ጎዶሎ እንዳንመስል ልጅቱን ጎትተን አቆምናት።»

አየሁት። እውነትም ዱላ የያዙት አሥራ አንዱ ብቻ ናቸው። ሦስት ሳምንት ፎቶውን አፍጥጬ ሳየው ቆይቼ ይሄ አልታየኝም።

«ታዲያ አሸነፋችሁ?»

«ያለ በረኛ?» አሉና ሻዬን ሞሉልኝ።

የቀረችውን በረኛ ስም ነገሩኝ፣ በሦስቱም አጻጻፍ። መጽሐፉ ላይ ከፎቶው ሥር በረኛዋን ጻፍኳት፤ «አውቶቡስ ያመለጣት» ብዬ። በእርግጥ መጀመሪያ ልጆቿን አስፈቀድኩ። እነሱ ራሳቸው እንዲህ ብለሽ ጻፊው አሉኝ።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ዜና ፈነዳ። በግንቦት 2025 መጀመሪያ የደብሊንና የኪልኬኒ ተጫዋቾች ቁምጣ ለብሰው ሜዳ ወጡ። ያኔ ሕጉ ጉርድ ወይም ጉርድ የመሰለ ቁምጣ ልበሱ ነበር የሚለው። ካልቀየራችሁ ጨዋታው የለም ተባሉ፣ ቀየሩ። ነገሩ አገር አዳረሰ። ግንቦት 22 ክሮክ ፓርክ በሚባለው የደብሊን ስታዲየም የካሞጊ ማኅበሩ ልዩ ጉባኤ ተጠራና 98 በመቶው ድምፅ ቁምጣ ይፈቀድ አለ። የመጨረሻውን ገጽ በአንድ ሌሊት ደግሜ ጻፍኩ። በማግስቱ እኚያ አሮጊት ደወሉልኝ። ስለ ጉባኤው መስሎኝ ነበር። የደወሉት የሌላ ልጅ ስም ትዝ ብሏቸው ነው።

በመጽሐፉ ምርቃት ምሽት የስም ዝርዝሩን በትልቅ ወረቀት አትመን በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው፣ እስክሪብቶ አስቀመጥንበት። ስህተት ካለ አርሙ ብለን። እኔ ሁለት ሦስት እርማት ነበር የጠበቅኩት። ሴቶቹ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወረቀቱን ከበቡት። አንዷ የአባቷን ስም መልሳ ጻፈች። ሌላዋ ሟች እህቷን ጨመረች። አንዷ «እኔ መቼ ነው አምበል የሆንኩት?» ብላ ራሷን ሰረዘች። ንግግሬን ያዳመጠ ብዙ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት፤ ከሕትመቱ ይልቅ የእጅ ጽሑፉ በዝቶበታል፣ አንዱ ጥግ ላይ ሻይ ፈሶበታል። አሁን አልጋዬ ሥር ነው። ኤክሴሉን እንደገና ከፍቻለሁ።