ስፓኒሽ ልትማር ስፔን የምትሄደው የአክስቴ ልጅ
ዛሬ ከሰዓት ደሴ ፒያሳ ከአክስቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን ብዙ አወራን። ስፔን ሄዳ በግል የቋንቋ ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ለመማር ቆርጣለች። በጣም ደስ ብሎኛል። ወይዘሮ ስኅን ትምህርት ቤት ስትማር ጀምሮ ለቋንቋ ያላት ፍቅር ልዩ ነው።

ያሳሰበኝ አንድ ደላላ የነገራት ነገር ነው። "በሦስት ወር አቀላጥፈሽ ትናገሪያለሽ፤ የምትቀበይውም ሰርተፊኬት በየትም ይሠራል" ብሏታል። ይሄ ልክ አይደለም! በአውሮፓ የቋንቋ ችሎታ ከጀማሪው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 በስድስት ደረጃ ይለካል። ከዜሮ የጀመረ ሰው በሦስት ወር ጥሩ መሠረት ሊይዝ ይችላል። አቀላጥፎ መናገር ግን ሌላ ነው። ደህና ትምህርት ቤትም ክፍል ከመመደቡ በፊት ደረጃን ይፈትናል።

የትምህርት ቤቱ ወረቀት ኮርሱን መከታተሏን ነው የሚያሳየው። በሰፊው የሚታወቀው የስፓኒሽ ችሎታ ዲፕሎማ ዴሌ ይባላል። ፈተናውን የሚያዘጋጀው በ1991 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የስፔን መንግሥት የቋንቋና የባህል ተቋም ኢንስቲቱቶ ሴርቫንቴስ ነው፤ ዲፕሎማው ጊዜ አያልፍበትም። ይኸው ተቋም ለግል ትምህርት ቤቶችም እውቅና ይሰጣል። ስለዚህ ብር ከመላኳ በፊት የትምህርት ቤቱን ስም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ትፈልግ አልኳት። ቪዛም አለ፤ ከ90 ቀን በላይ ለሚቆይ ትምህርት የተማሪ ቪዛ ያስፈልጋል።

ማረፊያዋን በተመለከተ እኔ የምመርጥላት ከስፔን ቤተሰብ ጋር መኖርን ነው። እራት ላይ የሚወራው ወሬ ራሱ ትምህርት ነው። አክስቴ ግን ሐበሻ ካለበት ቤት ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም ብላለች፤ የእናት ነገር ይገባኛል።

እዚያ የተማራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ ማታ አብረን እናነበዋለን።