ለቤት ኮምፒውተሬ ሃርድ ዲስክ ስመርጥ ያየሁት

ኮምፒውተሬ ተከፍቶ ለስራ እስኪደርስ አምስት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር፣ እኔ ደሞ ቫይረስ ነው፣ ዊንዶውሱ ነው እያልኩ ሁለቴ ፎርማት አረኩት። ትንሽ ቀን ደህና ይሆንና ተመልሶ ያው ነው። አንድ ማታ የልጄን የሕፃንነት ፎቶዎች ለማየት ስከፍት ፎልደሩ ቀጥ ብሎ ቀረ፣ ከውስጥ ቋ ቋ የሚል ድምፅ መጣ፣ ያኔ ነው ሃርድ ዲስኩ እየሞተ እንደሆነ የገባኝ፣ በጣም ነው የደነገጥኩት።

ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ ላስጀምር እጄ ሄዶ ነበር ግን ተውኩት፣ ጥሩም አረኩ። ሊሞት የደረሰ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ሲነበብ እዛው ሊያርፍ ይችላል፣ ስለዚ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ወደ ኤክስተርናል ኮፒ አረኩ፣ ዶክመንት ቀጥሎ፣ ፊልም ምናምን መጨረሻ። ከዛ በኋላ ነው ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባል የዲስክ ጤና በሚያሳይ ፕሮግራም ያየሁት፣ ቢጫ ሆኖ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፣ የተበላሹና በሌላ የተተኩ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ቁጥር ዜሮ መሆን ሲገባው ከመቶ በላይ ደርሷል። ይሄን ከዓመት በፊት አይቼው ቢሆን እላለሁ እስካሁን።

አዲስ ልገዛ ስነሳ ያሰብኩት መጠኑን ብቻ ነበር፣ አንድ ባለ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ ገዝቼ ሁሉንም እዛው ላይ። ግን ያለኝን ስቆጥር ዊንዶውስና ፕሮግራም ተደምሮ 180 ጊጋ ነው፣ የቀረው 700 ጊጋ ገደማ ፎቶና ቪዲዮ ነው፣ ሁለቱ ደሞ የሚፈልጉት ነገር ለየቅል ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞረው እንኳን አንዴ ለመዞር 8 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፣ በዛ ላይ የምታነበው ክንድ ቦታዋ እስክትደርስ ሌላ ጊዜ አለ። አንድ ትልቅ ቪዲዮ ከሆነ አንዴ ደርሳ ዝም ብላ ታነባለች፣ ችግር የለም። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን በሺ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ከዚም ከዚያም ይፈልጋል፣ ክንዷ በሰከንድ መቶ ቦታ እንኳን መድረስ አትችልም፣ አምስት ደቂቃዬ የሄደው እዛ ነው። ኤስኤስዲ ግን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ ነው፣ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይሄ ሁሉ መጠበቅ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚ ለዊንዶውስ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ለፎቶና ቪዲዮ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ ብዬ ወሰንኩ።

ኤንቪኤምኢ የሚባለውን በጣም ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት ልገዛ ትንሽ ነበር የቀረኝ። በሰከንድ 3500 ሜጋባይት ሲሉኝ፣ ሳታ የሚባለው የቆየው ዓይነት ደሞ 550 አካባቢ ስለሆነ፣ ማን ይተወዋል? የማዘርቦርዱን ማኑዋል ሳነብ ግን ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ካርድ የሚሰካበት ቦታ ሳታ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ካርዱ ሊገባ ይችላል ግን ኮምፒውተሩ አያየውም። እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ማኑዋሉን እዩ፣ አንዳንዱ ቦርድ ላይ ኤም.2 ሲሰካ አንድ የሳታ ፖርት ይዘጋል። እኔ ባለ 2.5 ኢንቹን ሳታ ወሰድኩ፣ አሁን በሃያ ሰከንድ ይነሳል። ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል የሚሉት ነገር አስፈርቶኝ ነበር፣ የኔው ላይ የተጻፈው 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው፣ በቀን 20 ጊጋ ብጽፍ እንኳን ከአርባ ዓመት በላይ ነው።

ሃርድ ዲስኩ ላይ ያጣራሁት ሲኤምአር ነው ኤስኤምአር የሚለውን ነው፣ ሳህኑ ላይ የሚጻፍባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። ሲኤምአር ላይ መስመሮቹ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ናቸው። ኤስኤምአር ላይ መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርበው ነው የሚጻፉት፣ አንዱን ለመቀየር ጎረቤቱንም እንደገና መጻፍ አለበት፣ ብዙ ፋይል በአንዴ ሲገለበጥ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። አንዴ አስቀምጦ ለማየት ብቻ ከሆነ ይሰራል፣ እኔ ግን ቪዲዮ ኤዲት ስለማረግ ሲኤምአር መረጥኩ።

ሳታ ኬብል አብሮ እንደማይመጣ አላወኩም ነበር፣ አንድ ቀን በዛ ምክንያት ቆምኩ። ከገጠምኩት በኋላ ደሞ 4 ቴራው 2 ቴራ ብቻ ሆነብኝ፣ ፎርጅድ ሸጡልኝ ብዬ ተናደድኩ፣ ለካ ኤምቢአር በሚባለው የድሮ የዲስክ አከፋፈል ነው ያዘጋጀሁት፣ እሱ ከ2 ቴራ በላይ አያይም፣ ወደ አዲሱ ጂፒቲ ሳረገው 3.63 ቴራ አሳየ። እሱም ጎደሎ አይደለም፣ ፋብሪካው በ1000 ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው።

አሁን በየወሩ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ኤክስተርናሉ ላይ እገለብጥና ነቅዬ ሌላ ክፍል አስቀምጠዋለሁ፣ ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ አብሮ ሊቃጠል ይችላልና። ከአሮጌው ዲስክ ስምንት ፎቶ አልተነበበልኝም። ሦስቱን ያኔ ልኬላት ስለነበር እህቴ ስልክ ላይ አገኘኋቸው፣ አምስቱን እስካሁን ዘመድ ሁሉ ጋ እየደወልኩ እየፈለኩ ነው።