የወንድሜን የስንብት ወረቀት ያስለወጥንበት መንገድ

ታናሽ ወንድሜ ከአሜሪካ ጦር የተሰናበተው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዲዲ 214 በሚባለው የስንብት ወረቀቱ ላይ የስንብቱ ዓይነት «ከክብር ውጭ በሆነ ሁኔታ» ተብሎ ተጽፏል። ጥፋቱ ያለ ፈቃድ 23 ቀን ከክፍሉ መጥፋት ነበር። ከጦር ፍርድ ቤትና ከስንብት ምረጥ ሲሉት ስንብቱን ራሱ ጠይቆ ፈረመ። ከአፍጋኒስታን ከተመለሰ ጀምሮ ሌሊት እንደማይተኛ ግን ወረቀቱ አይናገርም።

ያቺ አንዲት መስመር ብዙ በር ትዘጋለች። የትምህርት ድጎማው ይቀራል፣ የቀድሞ ወታደሮችን የሚረዳው ቪኤ የሚከፍለው የአካል ጉዳት ካሳም አደጋ ላይ ይወድቃል፣ ቀጣሪም ወረቀቱን አይቶ ይመልስሃል። እንደ ወንድሜ በውትድርና አገልግሎቱ ዜግነት ላገኘ ሰው ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለ። አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል በእንዲህ ያለ ሁኔታ ከተሰናበተ ዜግነቱ እንዲነጠቅ ሕጉ ይፈቅዳል። ይህን ፍርሃት ለዓመታት ብቻውን ተሸክሞት ኖሮ ለእኔ የነገረኝ ዘግይቶ ነው።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ በ2016 ያስገባነው እኔና እሱ ብቻችንን ሆነን ነው። ፎርሙ ዲዲ 293 ይባላል፤ የሚቀርበው ለስንብት ገምጋሚ ቦርድ ሲሆን ከተሰናበቱ በ15 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። አንድ ገጽ ተኩል ልመና ጻፍን። ጥሩ ልጅ እንደሆነ፣ እንደታመመ፣ ቤተሰብ እንደሚጦር ዘረዘርን። እማዬም «ስለ እመቤታችን ብላችሁ ማሩልኝ» የሚል ደብዳቤ ላከች። ቦርዱ አልተቀበለውም። ዛሬ ያንን ማመልከቻ ሳነበው ምክንያቱ ይገባኛል፤ የጻፍነው ሁሉ እውነት ነበር፣ ግን ሕመሙን ከጥፋቱ ጋር የሚያያይዝ አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረበትም።

ዓይናችንን የከፈተው በ2019 ያገኘነው የአንድ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የእርዳታ ክሊኒክ ነው። የያኔው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ቸክ ሄግል በ2014 ባወጡት መመሪያ፣ ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) ያለባቸው የቀድሞ ወታደሮች አቤቱታ በሰፊ ልብ እንዲታይ ታዘዘ። በ2017 ደግሞ አንቶኒ ኩርታ የሚባሉ ባለሥልጣን መመሪያውን አብራሩት፣ ለስንብት ገምጋሚ ቦርዶችም እንደሚሠራ ግልጽ አደረጉ። ቦርዱ አራት ነገር ይጠይቃል። ጥፋቱን የሚያቀል ሕመም ወይም ገጠመኝ ነበረ? በአገልግሎት ዘመኑ ነው የተከሰተው? በእርግጥ ጥፋቱን ያቀልለታል? ከጥፋቱስ ሚዛን ይደፋል? በጣም ያስገረመኝ ግን የወታደሩ የራሱ ቃል ብቻውን የሕመሙን መኖር ሊያስረዳ እንደሚችል በግልጽ መጻፉ ነው። የሐኪም ወረቀት የለንም ብለን ስንት ዓመት ተስፋ ቆርጠን ነበር!

ከአራቱ ከባዱ ሦስተኛው ነው። ሰው ታሞም ሆን ብሎ ሊያጠፋ ይችላል፣ ታስቦበት የተፈጸመ ጥፋት ደግሞ በሕመም በቀላሉ አይሸፈንም። ስለዚህ ሥራችን ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ወረደ፦ ያን ሰሞን ለምን ጠፋ?

መልሱ ፋይሉ ውስጥ ነበር፤ ችግሩ እኛ የያዝነው ግማሹን ፋይል መሆኑ ነው። ሴንት ሉዊስ ካለው የብሔራዊ ሠራተኞች መዛግብት ማዕከል የመጣልን የአስተዳደር ማኅደሩ ነበር፤ እኔም ያ ሁሉ ነገር መስሎኝ ነበር። በእሱ ጊዜ የተሰናበተ ወታደር የሕክምና መዝገብ ግን ወደ ቪኤ ስለሚተላለፍ ለብቻው መጠየቅ ነበረበት። ይህን ባለማወቃችን የመጀመሪያው ማመልከቻ ያለ ሕክምና መዝገብ ሄደ።

መዝገቡ ሲመጣ ወንድሜ «እቴ፣ እኔ ፊት አታንብቢው» አለኝ። ከግዳጅ የተመለሰ ወታደር ሁለት ጊዜ የጤና መጠይቅ ይሞላል። የመጀመሪያው በመመለሻው ሰሞን ነው፤ እዚያ ላይ ቶሎ ወደ ቤት ልሂድ ብሎ ሁሉንም «የለም» ብሎ ሞልቶታል። ሁለተኛው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞላል፤ ስለ ፒቲኤስዲ የሚጠይቁ አራት ጥያቄዎች አሉበት። ቅዠት አለብህ? የሆነውን ላለማስታወስ ትሸሻለህ? ሁልጊዜ ንቁና ደንባራ ነህ? ከሰው ርቀህ ደንዝዘሃል? ሦስቱ ላይ «አዎ» አለ። አንደኛዋ ምልክት ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳ ደርሷል። ከሥር ሐኪም የሚጽፍበት ቦታ ባዶ ነው፣ የትም አልመሩትም። ቀኑን አየሁ፣ ከክፍሉ የጠፋበትንም ቀን አየሁ፤ መካከላቸው 11 ቀን ብቻ ነው። ወረቀቱን ይዤ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጻፍነው ሁሉ በእነዚያ 11 ቀናት ዙሪያ ሆነ። በግዳጁ አብሮት የነበረ ጓዱ ስለጠባዩ ሳይሆን ስላየው ነገር ብቻ እንዲጽፍ ጠየቅነው፤ የመኪና በር ሲዘጋ እንዴት መሬት ላይ እንደወደቀና ማን አብሮ እንደነበረ ጻፈ። በዚያ ዘመን ሕጉ ተሻሽሎ ከክብር ውጭ ለተሰናበቱ የቀድሞ ተዋጊዎችም የአእምሮ ሕክምና ተፈቅዶ ስለነበር ቪኤ ያየችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ደብዳቤ ሰጠችን። የመጀመሪያው ደብዳቤዋ «ፒቲኤስዲ አለበት» ይላል፣ በዚያው ያበቃል። ማኅደሩን ይዘን ተመልሰን አንድ ነገር ብቻ ለመንናት፦ መጥፋቱ የሕመሙ ምልክት ሊሆን ይችላል ወይ? አነበበችውና ሁለት ገጽ ጻፈች፤ ከሚያስታውስ ነገር መሸሽ የዚህ ሕመም አንዱ ዋና ምልክት እንደሆነና የእሱ 23 ቀን ከዚያ ጋር እንዴት እንደሚገጥም አብራራች። ባለሙያ ስለማይተባበር አይደለም ደብዳቤው አጭር የሚሆነው፤ ቦርዱ ምን እንደሚጠይቅ የሚነግረው ስለማያገኝ ነው።

የእማዬን ደብዳቤም እንደገና አስጻፍናት። ለፈቃድ ቤት በመጣበት ሰሞን ጫማውን ሳያወልቅ በሩን ተደግፎ መሬት ላይ ይተኛ እንደነበር ጻፈች። «ሌሊት ይባንናል» ያለችውን ተርጓሚው «ይፈራል» ብሎ መለሰው። ልዩነቱን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፣ በመጨረሻ ከእንቅልፉ ደንግጦ እየዘለለ እንደሚነሣ አድርጎ ጻፈልን። ለእንዲህ ያለ ሥራ ቤተሰብ ያልሆነ ተርጓሚ ይዛችሁ ትክክለኛነቱን በፊርማው እንዲያረጋግጥ አድርጉ፤ ትርጉሙንም ተቀምጣችሁ መስመር በመስመር አንብቡት።

በአንድ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የወንድሜን የራሱን ቃል እኔ ላርቅቅለት ብዬ ሞከርኩ። በፋይሉ ውስጥ እያለፈ ያን ጊዜ እንደገና ሲኖረው እያየሁ፣ ለእሱ ያገዝኩት መስሎኝ ነበር። ለአንድ ሳምንት ስልኩን ዘጋብኝ። ፋይል ማንበብ ራሱ ቁስል ይቀሰቅሳልና ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙ ወይም የሚያምነው ሰው ማወቅ አለበት። ነገሩ ከከፋ አሜሪካ ውስጥ 988 ተደውሎ 1 ቁጥር ከተጫነ የቀድሞ ወታደሮችን የሚረዳ ሰው ይገኛል፤ የስንብቱን ዓይነት አይጠይቁም።

በወረቀት ብቻ ውድቅ የተደረገበት ሰው 15 ዓመቱ ካላለፈ ቀርቦ የመሰማት መብት አለው። እኛ በ2021 በቪዲዮ ቀረብን። አምስት ሰዎች ነበሩ፣ አንዷ የአእምሮ ጤና ባለሙያ። አንደኛው «ለምን ለአለቃህ አልነገርክም?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ ረጅም ዝም አለ፤ እኔ ልናገር ስል የክሊኒኩ ጠበቃ እጄን ያዘችኝ። «መጠይቁ ላይ ተናግሬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ከጠየቀኝ ሁሉ በእውነት የመለስኩት ለዚያ ወረቀት ብቻ ነው።»

ውሳኔው ከወራት በኋላ በፖስታ መጣ። ስንብቱ «አጠቃላይ፣ በክብር ሁኔታ» ወደሚለው ከፍ ብሏል። የካሳው መንገድ ተከፈተ፣ የዜግነቱ ስጋት ተነሣለት። የትምህርት ድጎማው ግን ሙሉ የክብር ስንብት ስለሚጠይቅ አሁንም የለም። ስለዚህ ዲዲ 149 በሚባለው ፎርም ለመዝገብ አራሚው ቦርድ እየጻፍን ነው። የጊዜ ገደቡ ሦስት ዓመት ቢሆንም ለፍትሕ ሲባል ቦርዱ ሊያልፈው ይችላል። የዚህኛውን ቃል የሚጽፈው ራሱ ነው፤ ትናንት የመጀመሪያውን ገጽ አንብቦልኛል።