ሦስት ሌሊት የፈለግኳት ጋላክሲ

ትናንት ማታ በመጨረሻ አገኘኋት። አይሲ 2574 ትባላለች። ታላቁ ድብ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ ነው ያለችው፤ ሦስት ሌሊት ፈልጌያታለሁ።

ያሳሳተኝ ቁጥሩ ነው። ድምቀቷ በከዋክብት የድምቀት መለኪያ 10.8 አካባቢ ነው ይላሉ (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ነገሩ ይደበዝዛል)፤ በቴሌስኮፔ ከዚያ የደበዘዙ ከዋክብትን ያለ ችግር ስለማይ ቀላል መስሎኝ ነበር። ለካ ያ ቁጥር የመላ ጋላክሲዋን ብርሃን አንድ ላይ ደምሮ የሚናገር ነው። ኮከብ ብርሃኑ አንዲት ነጥብ ላይ ይሰበሰባል፣ እሷ ግን የራሷን በሰፊ ቦታ ላይ ስለበተነችው ከሰማዩ ጥቁረት ለመለየት ዓይን ያደክማል። ደብዛዛ ነገር በዓይን ጠርዝ ሲታይ ይሻላልና፣ ትናንት በቀጥታ ማየቱን ተውኩና ዓይኔን ትንሽ ወደ ጎን አደረግኩ። ቴሌስኮፑን በጣቴ ነካ ሳደርገው አንድ ስስ ጭጋግ አብሮ ተንቀሳቀሰ። ልቤ ዘለለ።

በ1898 እ.ኤ.አ. የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ኮዲንግተን ያገኛትም በዓይኑ አይደለም፣ በፎቶግራፍ ነው። ያኔ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ሌላ ጋላክሲ ስለመኖሩ ገና ስላልተረጋገጠ "የኮዲንግተን ኔቡላ" ተባለች (ኔቡላ በሰማይ ላይ እንደ ደመና የሚታይ ነገር ነው)፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ።

ድንክ ጠመዝማዛ ጋላክሲ ናት። ድንክ ሲሏት ግን ትንሽዬ ነገር እንዳይመስል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 50,000 የብርሃን ዓመት (አንዱ ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ትሆናለች። የሚያንሷት ከዋክብት ናቸው። ክንዶቿም ቅርጻቸው የላላ፣ የተበታተነ ነው። ከእኛ ወደ 13 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ትርቃለች፣ ስለዚህ ትናንት ዓይኔ ውስጥ የገባው ብርሃን ሲነሳ ሰው የሚባል ፍጥረት ገና አልነበረም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ክብደቷ ነው። ጋዟ የሚዞርበት ፍጥነት ሲለካ፣ የሚታዩት ከዋክብትና ጋዝ ብቻቸውን ያን ያህል ሊስቡት አይችሉም። ከክብደቷ 90 ከመቶ ያህሉ ጨለማ ቁስ፣ ማለትም የማይታይ ግን በስበቱ የሚታወቅ ነገር ነው ተብሎ ይገመታል። እኔ እንግዲህ ሦስት ሌሊት የደከምኩት የቀረችውን አንድ አስረኛ ለማየት ነው፤ ያውም ጋዙን ሳላይ።

ሰሜን ምሥራቅ ጫፏ ላይ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት ቦታ አለ። እዚያው የሃይድሮጅን ጋዟ ውስጥ ርዝመቱ ወደ 3,000 የብርሃን ዓመት የሚጠጋ ክፍተት አለ፣ ትልልቅ ከዋክብት ፈንድተው የከፈቱት ነው ተብሎ ይታሰባል። ያ ጫፍ ከሌላው ትንሽ ይደምቃል። ትናንት አልለየሁትም። ዛሬ ጨረቃ ከመውጣቷ በፊት እሱን እፈልጋለሁ።